ተቆጥረው የመጡ በሬዎች

ሁሉም እኩል ሆኑ። ብዙ በሬ የሞተበት ቀበሌም፣ ጥቂት የሞተበትም፣ እምብዛም ያልተነካውም በኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ቁመት ይዘው ተሰለፉ። ዓይኔን አሻሸሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። አሁንም እኩል ናቸው። ደብረ ማርቆስ ያለችው ቢሯችን ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለሆነች ነጠላዬን ደርቤ ነው የምሠራው፤ ያን ቀን ግን ንዴቱ ብቻውን አሞቀኝና ነጠላውን ወንበሩ ላይ ወረወርኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምሠራው በአንድ የእንስሳት ጤና ፕሮጀክት ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት በአካባቢያችን ከብቱን የሚያስለው፣ መኖ የሚያስተወው፣ ከዚያም የሚጥል የሳንባ በሽታ ገብቶ ነበር። ፕሮጀክቱ አንድ የእንስሳት ጤና ኬላ ሊያቋቁም አሰበ፤ አንድ ብቻ። ሐኪሙም፣ ክትባቱም፣ ክትባቱ የሚቀመጥበት ፍሪጅም እዚያ ይሆናል። ቀበሌዎቹ ግን ብዙ ናቸው። የት ይሁን የሚለውን ስብሰባ ይወስናል ተባለ፤ ለስብሰባው ደግሞ በየቀበሌው ስንት በሬ እንደሞተ የሚያሳይ ባር ግራፍ እንዳቀርብ አለቃዬ አዘዙኝ። ከቀበሌዎቹ አንዱ እኔ የተወለድኩበት ነው። አባቴ ዛሬም እዚያው ያርሳሉ።

አባቴ የደወሉልኝ ግራፉን ከመጀመሬ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ስልክ ላይ ወሬ አያበዙም፤ የሚያወሩት እንደሚከፍሉበት ሁሉ ቆጥበው ነው። «በሬ ሞተብን» አሉኝ። «እግዜር ይተካልዎት አባቴ» አልኩ። «አሜን» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ኔትወርኩ ቆረጠን። መልሼ ብደውል አልገባ አለ። አባቴ ያላቸው አንድ በሬ ነው፤ አንድ ቀንዱ ጫፉ የተሰበረ ዳለቻ በሬ። ጥጃ ሆኖ እናቱ ስትሞት ጠርሙስ ወተት ይዤ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ቢሮው ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ወደ ግቢው ወጥቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ ግራፉን ስጀምር የሞቱት በሬዎች ለእኔ ቁጥር ብቻ አልነበሩም ማለት ነው። እኩል ሆነው ሲደረደሩ የተናደድኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ግራፍ የምሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሙ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ፊደሉ በእኛ ጆሮ ሲገባ ትልቅ ሰው ፊት የማይባል ነገር ስለሚሆን፣ ቢሮ ውስጥ «ፕሮግራሙ» እያልን እናልፈዋለን። አባቴ አንድ ጊዜ ምን ተማርሽ ብለው ቢጠይቁኝ «የቁጥር ሥራ» ብዬ ነው የተገላገልኩት። ስልጠናውን የወሰድኩት እዚያው ማርቆስ ነው። አሠልጣኙ ያሳየን ምሳሌ የተማሪዎች መዝገብ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ መስመር፣ ከጎኑ የሚማርበት ክፍል። «ባር» የሚለውን ትእዛዝ ስንጽፍለት ፕሮግራሙ መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለየክፍሉ ቋሚ አቆመልን። የበዛው ረዘመ፣ ያነሰው አጠረ። አጨበጨብን፤ እኔማ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።

የእኔ ሠንጠረዥ ግን እንደዚያ አልነበረም። የየቀበሌው የልማት ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው፣ ቆጥረው፣ ደምረው ነው የላኩልኝ። ለአንድ ቀበሌ አንድ መስመር፤ ከቀበሌው ስም ጎን የሞቱት በሬዎች ድምር። ልዩነቱ አሁን ስጽፈው ለሕፃንም የሚገባ ይመስላል። ፕሮግራሙ ድምሩን አላየውም፤ ያየው የቀበሌው ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ስም አንዴ ስለተጻፈ ለሁሉም አንድ አንድ አደላቸው። ያኔ ግን ይህ ሁሉ አልገባኝም። እኔ የመሰለኝ ኮምፒውተሩ ቫይረስ የያዘው ነው።

መጀመሪያ ቀለም ቀየርኩ። ሰማያዊ የነበሩትን ቀይ አደረግኳቸው፤ ቀይ ሆነውም እኩል ናቸው። ቀጥሎ የቀበሌዎቹን ቅደም ተከተል አገላበጥኩ። ከዚያ ትንሽ ብልሃት መጣልኝና «ቁመታቸው ይኸውልህ» ብዬ የድምሩን ዓምድ ጨምሬ ሰጠሁት። ፕሮግራሙ በቀይ ጽሑፍ ጮኸብኝ። እንግሊዝኛውን እየተንተባተብኩ ሳነበው፣ ወይ አግድሙን ወይ ቁመቱን ስጪኝ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አልቀበልም የሚል ነገር ነው። ቁመት አያስፈልገኝም፣ ቁመቱን ቆጥሬ የማገኘው እኔ ነኝ እያለኝ ነበር ለካ። እኔ ግን እንደ ስድብ ነው የወሰድኩት። «ሰዎች ፀሐይ ላይ ዞረው ቆጥረው የላኩትን ምን ላድርገው ነው የምትለኝ?» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩት። በበሩ የሚያልፈው የጥበቃ ሠራተኛ ቆም ብሎ አየኝና «ደኅና ነሽ?» አለኝ። ደኅና ነኝ አልኩት።

የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ፕሮግራሙን ከእኛ ሁሉ የምታውቀው ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ናት፤ እሷ ደግሞ ጉንደ ወይን ለቅሶ ሄዳለች። ለቅሶ ላይ ላለ ሰው ደውሎ ስለ ባር ግራፍ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ራሴን ችዬ ልወጣው ቆረጥኩ።

«መቁጠር ካማረህ ቁጠር!» አልኩትና ኤክሴል ከፈትኩ። የቀበሌውን ስም በሞቱት በሬዎች ልክ ደጋግሜ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ በሬ፣ አንድ መስመር። ሌሎች ቆጥረው የደመሩትን እኔ መልሼ መበተኔ ነው፤ ፕሮግራሙ እንደገና ቆጥሮ እንዲደምረው። እየገለበጥኩ እየለጠፍኩ፣ መሳት አለመሳቴን ለማረጋገጥ በጣቴ ስክሪኑን እየነካሁ ቆጠርኩ። ሞኝነት እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ሌላ መንገድ አልታየኝም።

የራሴ ቀበሌ ላይ ስደርስ እጄ ዘገየ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰው በሬ ነው። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጎረቤቶቻችን፣ የክርስትና አባቴ፣ አብረውኝ የተማሩ ልጆች አባቶች። ከመሐል አንዱን መስመር ለአባቴ ሰጠሁት። ለምን ያንን እንደመረጥኩ አላውቅም። ዳለቻው በሬ እዚህ ነው ብዬ ትንሽ ጊዜ አየሁትና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ሁሉንም ጽፌ ጨርሼ «ባር» ብዬ ስሰጠው ቋሚዎቹ ተለያይተው ቆሙ። በመጨረሻ! ከሁሉም በላይ የረዘመው የእኛ ቀበሌ ነበር። ከሉማሜ ባሻገር ሜዳው ላይ ያለው ቀበሌ ይከተለዋል። ደስ አለኝ። ኬላው አባቴ ደጃፍ ሊመጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ፤ ከብት በብዛት ስለሞተ የሚደሰት ሰው ምን ይባላል? ቢሆንም ደስ ማለቱን ማቆም አልቻልኩም።

ባልደረባዬ ከለቅሶ ተመልሳ ያንን ማለቂያ የሌለው የኤክሴል ዝርዝር ስታይ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሳቀች። «ይኼን ሁሉ በእጅሽ? አንቺ ሴትዮ ጤናም የለሽ!» የመጀመሪያውን ትንሿን ሠንጠረዥ አስከፈተችኝና «ባር» የሚለውን ቃል አጥፍታ በምትኩ «ኮል» ብላ ጻፈች። ቁመቱን ከድምሩ ዓምድ ውሰድ አለችው። ግራፉ መጣ። እኔ ለፍቼ ካወጣሁት ጋር አንድ ነው፤ የፀጉር ያህል አይለይም።

«ባር ስትይው ቁጠርልኝ ማለትሽ ነው» አለችኝ። «ኮል ስትይው ደግሞ ተቆጥሮ አልቋል፣ አንተ የሰጠሁህን ቁመት ብቻ አቁም ማለትሽ ነው።»

«ቆጠራው ትክክል መሆኑን በምን ያውቃል?»

«አያውቅም። ዝም ብሎ ያምንሻል።»

ለእሷ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ያ መልስ ቅር አለኝ። መቼም የማያምን ነገር ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ፣ የሚያምን ሲያጋጥመኝ ደግሞ እሰጋለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።

ቅዳሜ አባቴን ላጽናና ወጣሁ። ስኳርና ሳሙና ገዛሁ። እስከ ሉማሜ በሚኒባስ ሄጄ ከዚያ በእግር ቀጠልኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ በሬው ምን እንደምል አስብ ነበር። በሬ መሞት ሰው እንደመሞት አይደለም ይላሉ፤ ሁለት በሬ ላለው ነው እንደዚያ የሚባለው። ግቢው በር ላይ ስደርስ የሐዘን ፊቴን አዘጋጅቼ ገባሁ።

ዳለቻው በሬ በረቱ ጥግ ቆሞ ያመነዥጋል።

ቆሜ አየሁት። ሌላ በሬ ገዝተው ይሆን? ታዲያ የተሰበረው ቀንዱስ? ጠጋ ብዬ ግንባሩን ነካሁት። እሱ ራሱ ነው፤ እጄን ላሰኝ። ደስታም ድንጋጤም ተደባልቆብኝ ስኳሩን እንደያዝኩ እዚያው በቆምኩበት ቀረሁ።

አባቴ ከጓሮ መጡ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ አገላብጠው ሳሙኝ። ስለ በሬው ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አንዲት የሰፈር ሴት ከበሩ ላይ ሆና «እግዜር ይተካ፣ አያ!» አለች። አባቴ አንገታቸውን ደፋ አድርገው «አሜን፣ አሜን» አሏት። በሬው ከኋላቸው ድርቆሹን ያላምጣል። ሴትየዋም አየችው፣ አባቴም ያውቃሉ፤ ግራ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አባቴ» አልኩ ሴትየዋ ስትሄድ፣ «በሬው አለ አይደለም እንዴ?»

«አለ።»

«ሞተብን አላሉኝም?»

«ሞተብን እንጂ! የቄሱ በሬ ሞተ። ስልኩ ቆረጠብኝ እንጂ ልነግርሽ ነበር።»

ቄሱ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ የተማሩ፣ እሑድ የሚቀድሱ፣ በሥራ ቀን የሚያርሱ ሰው ናቸው። እሳቸውም እንደ አባቴ አንድ በሬ ነበራቸው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱ መቀናጆ ናቸው፤ የአባቴንና የቄሱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእሳቸውን ማሳ ያርሳሉ። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። በእኛ ቀበሌ ዳገቱ ላይ ያለው ገበሬ መሬቱ ጠባብ፣ ሣሩም ጥቂት ስለሆነ ሁለት በሬ የሚቀልብ ሰው እምብዛም የለም፤ አብዛኛው መቀናጆ ነው። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። በደንብ አውቀዋለሁ። ቢሮ ተቀምጬ ሠንጠረዡን ሳይ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ያን ጊዜ ቆጠራው ትዝ አለኝ። «የልማት ሠራተኛው ሲቆጥር እዚህ መጥቶ ነበር?» አልኳቸው።

«መጥቶ ነበር። በሬ ሞቶባችኋል ወይ አለ። አዎ አልኩት። እግዜር ይተካ ብሎ ጽፎ ሄደ።»

«ቄሱ ዘንድስ?»

«እዚያም ሄዷል።»

«ቄሱ ምን አሉ?»

«አዎ ነዋ! የሞተባቸውን አልሞተም ይበሉ?»

አንድ በሬ ሁለት ቤት ተቆጥሯል። አንዱ መስመር የቄሱ፣ አንዱ መስመር ደግሞ እኔ በጣቴ የነካሁት የአባቴ መስመር። መቀናጆው ሁሉ እንዲህ ከመለሰ የእኛ ቀበሌ ቋሚ የረዘመው በሞቱት በሬዎች ልክ አይደለም ማለት ነው። አባቴ ግን አልዋሹም። ቄሱም አልዋሹም። ከሰፈሩ ሰው የአባቴን ቤት ዘሎ ቄሱን ብቻ ያጽናና አንድም አልነበረም፤ ሐዘኑ የሁለት ቤት ነው።

«ኬላው ወደ እኛ ይመጣል ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ አባቴ ማታ ራት ስንበላ።

«ገና አልተወሰነም።»

«ቢመጣ ነው እንጂ። ይኸው በሬዬ ደኅና ነው፣ ግን ከማን ጋር ልጥመደው? ወንድሜን ብለምነው እንቢ አለኝ። አልፈርድበትም። ይኼ ሳል እያለ ማን በሬውን ከማን በሬ አፍንጫ ለአፍንጫ ያቆማል? ክትባት ካልገባ ሁሉም ከብቱን ደብቆ ነው የሚኖረው። ዝናቡ ሲጥል ምን እንደምሆን እንጃ።»

አባቴ እንደዚያ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ስለ ቆጠራው ሳልነግራቸው ጠዋት ተነስቼ ሄድኩ።

ሰኞ ለልማት ሠራተኛው ደወልኩ። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣ። «እኔ ቤቱ ሄጄ ጠየቅኩ፣ ሰውየው አዎ አለኝ። አልሞተብህም ልበለው?» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ እኔም ግራ ገባኝ» አለ። ልጅ ሆኖ ያደገው በመቀናጆ ቤት እንደሆነ ነገረኝና ሁለታችንም በስልክ ትንሽ ሳቅን። በመጨረሻ መላ አገኘ፤ ዞሮ «የተቀበረው በማን ማሳ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ። በበሽታው የሞተ ስለሆነ ሥጋው አይበላም፣ ይቀበራል፤ አንድ በሬ ሁለት ጉድጓድ የለውም።

ያም ቢሆን ቀላል አልሆነለትም። አንዱ በሬ የሁለት ማሳ ድንበር ላይ ተቀብሮ ሁለቱ ቤቶች «የእኛ ማሳ ነው፣» «የለም የእኛ ነው» እያሉ ወደ ድንበር ክርክር ገብተውበት ከመሐላቸው ሮጦ እንዳመለጠ በኋላ ነገረኝ። ለሌሎቹም ቀበሌዎች ደውዬ እንደዚሁ አስጠየቅኩ። ሜዳው ላይ ያለው ቀበሌ ሣር ስላለው አብዛኛው ገበሬ የራሱ ጥማድ በሬ አለው፤ የእነሱ ቁጥር ንቅንቅ አላለም።

አዲሱን ድምር አስገብቼ «ኮል» አልኩት። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ አመነኝ። የእኛ ቀበሌ ቋሚ ወረደ፤ የሜዳው ቀበሌ በለጠው። የድሮውን ቁጥር መልሼ ሰጠሁት። የእኛው ከፍ አለ። እንደገና አዲሱን። ወረደ። ከሰዓቱን በሙሉ እንደዚያ ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ። የትኛው ነው እውነቱ? ጥያቄው ስንት በሬ ሞተ ከሆነ አዲሱ ነው። ስንት ቤት ማረስ አቃተው ከሆነ ደግሞ የድሮው ነው። ፕሮግራሙ እንደሆነ የሰጡትን ማቆም ብቻ ነው ሥራው።

ስለዚህ ሁለቱንም ግራፍ አትሜ ለአለቃዬ ወሰድኩላቸው። አንዱ የሞቱት በሬዎች፣ አንዱ በሬ በመሞቱ ማረስ ያቃታቸው ቤቶች። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው አዩ።

«ይኼ ቀበሌ እዚህ ረጅም ነው፣ እዚህ አጭር ነው» አሉ።

«አዎ።»

«የቱ ነው ትክክሉ?»

«ሁለቱም ትክክል ናቸው።»

«እንዴት ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ? አንቺ ልጅ አታደናግሪኝ።»

መቀናጆን አስረዳኋቸው። እሳቸው ከተማ ነው ያደጉት፤ ቢሆንም በትዕግሥት ሰሙኝ። የሞተው አንድ በሬ፣ እርሻ የቆመበት ሁለት ቤት መሆኑን ደጋግሜ ነገርኳቸው። ግንባራቸውን አሹ። «ሁለቱን ካቀረብን ስብሰባው በክርክር ያልቃል» አሉኝ። «የተጠየቅነው የሞቱ በሬዎችን ነው። ርዕሱም እንደዚያ ነው የሚለው። አንዱን ብቻ አምጪ።» ከዚያ ቀስ ብለው «ቀበሌው የአንቺ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሁለቱን ወረቀት ወደ እኔ ገፉልኝ።

የቤቶቹን ግራፍ ባቀርበው ኬላው የሚያስፈልገው ቀበሌ ያገኘዋል። ሰው ደግሞ ለአባቷ አድልታ ነው ይላል፤ ቢልም አልፈርድበትም፣ አድልቼም ይሆናል። የበሬዎቹን ባቀርብ የተጠየቅኩትን መለስኩ፤ ማንም ምንም አይለኝም። ከሁለቱ የትኛው ታማኝነት፣ የትኛው ፍርሃት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ባልደረባዬን ብጠይቃት «እኔ አንቺን ብሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና እሷም መሐል ላይ ጠፋባት። የበሬዎቹን ግራፍ አቀረብኩ።

ስብሰባው ረጅም አልነበረም። ግድግዳው ላይ ቋሚዎቹ ሲታዩ ማንም አልተከራከረም፤ ረጅም ነገር ከሩቅ ይታያል። ስለ መቀናጆ ልናገር እጄን አንስቼ ጥቂት ተናገርኩ። አንድ ሰብሳቢ «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ይመዝገብ» አሉ። ተመዘገበ። ኬላው ሜዳው ላይ ላለው ቀበሌ ተሰጠ፤ ከአባቴ ቤት አንድን የታመመ ከብት እየነዱ በቀን የሚደረስበት አይደለም። ክትባቱም ከዚያ ዙሪያ እንዲጀመር ተወሰነ፤ ወደ ዳገቱ በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል ተባለ። ሁሉም ተጨባብጦ ተለያየ።

ለአባቴ ወዲያው አልደወልኩም። ዝናቡ ጀማምሮ ሰው ሁሉ ማረስ ሲጀምር ግን መደወል ነበረብኝ። የዚያን ቀን እንዳጋጣሚ ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከኋላቸው በጎረቤት ማሳ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ጅራፍ ሲጮህ ይሰማኛል። ኬላው እንዳልመጣ ሰምተዋል። አልተቆጡም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤት ኪራዬ ጠየቁኝ። እኔ ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም፤ እንዴት እንደቆጠርን፣ ለምን እንደገና እንዳስቆጠርኩ፣ የሞተ በሬ ብቻ እንደተቆጠረ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ገባኝ» አሉ። «ለቄሱ ቤት አንድ ተጻፈ።»

«አዎ አባቴ።»

«ለእኛ ቤትስ ምን ተጻፈ?»

ልዋሽ አሰብኩ። «ምንም» አልኳቸው። «ባዶ።»

ጅራፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኸ። አባቴ ሊገባቸው እንደሚፈልጉ ያስታውቃል፤ ሊወቅሱኝ አልነበረም።

«ምንም ካልጎደለብን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እርሻዬ ስለምን ጦሙን አደረ?»